«ቆይ» ባዩ ባርናባስ

እኔ ማሽን አልወድም፤ ገና ከመነሻው ልናገረውና ይውጣልኝ። ስሜ ስመኝ ነው። ዲላ ተወልጄ ዲላ ያደግሁ፣ አባቴ መናኸሪያው አጠገብ የመኪና መለዋወጫ ሲሸጥ የኖረ፣ እኔ ደግሞ ዕድሜዬን በአንድ የቡና ገበሬዎች ማኅበር ቢሮ በጸሐፊነት የጨረስኩ ሰው ነኝ። የጽሕፈት መኪና ሲበላሽ የት ላይ እንደተበላሸ በዓይን ይታይ ነበር። ኮምፒውተር ሲመጣ ግን «ሲስተም የለም» የሚባል በሽታ ይዞ መጣ። ሲስተሙ ሲጠፋ የት እንደሚሄድ፣ ሲመለስም ማን ይዞት እንደመጣ የሚነግረን አልነበረም። የነገረን ባርናባስ ነው። ማሽን ባልወድም ባርናባስን እወደው ነበር፤ ይኼንንም አብሬ ልናገረው።

ባርናባስ ተሻለ የገደብ ልጅ ነው። አባቱ በልጅነቱ ሞተው እናቱ እማማ ፀሐይወርቅ ገበያ ላይ ቆጮና ቅቤ እየሸጡ፣ ከጓሯቸው ካለችው ቡና ጋር እየታገሉ አሳደጉት። እዚሁ ዲላ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ኮምፒውተር ተማረና እኛ ቢሮ ተቀጠረ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ክረምት ከበጋ ከአንድ ቡናማ ሹራብ የማይወጣ ሰው ነበር። ድሮ ጆንያ የምናከማችባትን፣ ከኮሪደሩ መጨረሻ ያለችውን ጠባብ ክፍል ሰጡት፤ እሱ ከገባባትም በኋላ የጆንያው ሽታ አልለቀቃትም። አላማረረም። እዚያ ተቀምጦ ስክሪኑ ላይ ሳጥን ይስላል፤ ከሳጥን ወደ ሳጥን ቀስት ይስባል። እኔም በበሩ ባለፍኩ ቁጥር «ዛሬም ቤት እየሠራህ ነው?» እያልኩ እተርበው ነበር።

ሥራው ምን እንደነበር በእኔ አቅም ላስረዳ። በለቀማ ወቅት ገበሬው ቀይ እሸት ቡናውን ተሸክሞ ወደ ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ይወስዳል። እኛ አሪቻም፣ ሬኮም፣ ገደብም፣ ሌላም ቦታ ጣቢያ አለን። ቀኑ ሲያዘቀዝቅ እያንዳንዱ ጣቢያ የዋለበትን ሚዛን በሞደም ወደ ዲላ ይልካል። ዲላ ላይ ይደመራል፤ ከድምሩ ተነስቶ የትኛው መኪና የት እንደሚሄድ ይወሰናል፤ በመጨረሻ ነገ የትኛው ጣቢያ እንደሚቀበል ለገበሬው በስልክ መልእክት ይነገረዋል። ከባርናባስ በፊት ሁሉም የየራሱን ይሠራ ነበር እንጂ የሚጠባበቅ አልነበረም። የሬኮ ሚዛን ሳይመጣ ይደመራል። ድምሩ ሳይታረም መኪና ይወጣል። መኪናው ቡና የሌለበት ጣቢያ ሄዶ ሲቆም ቡናው ያለበት ጣቢያ እሸቱ ይበላሻል። ገበሬውም ሸክሙን ይዞ የተዘጋ በር ላይ ይደርሳል፤ በማግሥቱ እኔ ላይ ይጮሃል። ለምን እኔ ላይ? መግቢያው ላይ የምቀመጠው እኔ ስለሆንኩ።

ባርናባስ ሥራዎቹን ራሳቸውን ችለው እንዲነሱ የሚያደርግ አንድ ፕሮግራም አመጣ። እያንዳንዱ ሥራ አንድ ሳጥን ነው። ያልተጀመረ ነጭ ነው፣ በደህና ያለቀ አረንጓዴ፣ የከሸፈ ቀይ። ቀስቱ ደግሞ ማን ማንን እንደሚጠብቅ ይናገራል። የጣቢያዎቹ ሁሉ ሚዛን አረንጓዴ ካልሆነ ድምሩ ከቦታው አይነሳም፤ ድምሩ ካላለቀ የመኪናው ስምሪት አይወጣም፤ ስምሪቱ ካልወጣ መልእክቱ አይላክም። ይኼን ሊያስተምረን ሰበሰበን። ሰሌዳው ላይ «ጥገኝነት» ብሎ ጻፈና ማብራራት ጀመረ። ማንም አልገባውም። ሥራ አስኪያጃችን አቶ ዳምጠው በግልጽ ያዛጉ ነበር። እኔ ከኋላ ሆኜ ጥገኝነት የሚጠየቀው ኬንያ ነው ብዬ አሳቅኋቸው። ባርናባስ ቃሉን አጠፋውና ጠመኔውን አስቀመጠ።

«አንድ ሰው ሞተ እንበል» አለ። «እናቱ ገጠር ናት። ድንኳን ይጫናል፣ አግዳሚ ይጫናል፣ መቃብር ይቆፈራል። አጎቱ ሳይደርስ ለእናቱ ትነግሯታላችሁ?»

ሁላችንም አንነግራትም አልን። ለምን ብሎ ጠየቀ። መልስ ሰጪው ፈድሉ ነበር፤ ፈድሉ የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊያችን ነው፣ የማኅበሩ እድር ጸሐፊም እሱ ነው፣ መርዶ ያላስነገረበት መንደር የለም። መጀመሪያ የሚይዛት ሰው አጠገቧ መቆም አለበት፣ ከዚያ ነው የሚነገረው አለ። «በቃ፣ እኔም ማሽኑን የማስተምረው ይኼንኑ ነው» አለና ቁጭ አለ ባርናባስ። ከዚያ ቀን በኋላ ቢሮው ውስጥ ነገሩ ያልገባው ሰው አልነበረም፤ እኔን ጨምሮ። በዚያ ዓመት እሸት አልተበላሸም፣ እኔም ላይ የጮኸ አልነበረም።

እድሩም በዚያው መጣ። የማኅበራችን እድር ሙስሊሙንም፣ ኦርቶዶክሱንም፣ ጴንጤውንም ያቀፈ ነው፤ አባላቱ ከወናጎ እስከ ገደብ ተበትነው የሚኖሩ ስለሆኑ ግን ሰው ሲሞት ለቀብር መጠራራቱ ፈተና ነበር። ፈድሉ ለምን የእኛንም አታስገባውም አለው። ባርናባስ ብዙ ቀን አሰበበት። የእድሩን ሳጥኖች ሲስል እንደ ቡናው አልፈጠነም። የሟቹ ስም ሲመዘገብ ድንኳኑና አግዳሚው ከግምጃ ቤት እንዲወጣ ትእዛዙ ወዲያው ይታተማል፤ ይኼ የሚጠብቀው ነገር የለም። ለአባላቱ የሚሄደው የሞት መልእክት ግን አንድ ሳጥን ይጠብቃል። የሳጥኑ ስም «መርዶ» ነው። ሽማግሌዎቹ ቤተሰቡ ዘንድ ደርሰው በአፋቸው ተናግረው ሲደውሉ፣ ፈድሉ እሱን ተጭኖ አረንጓዴ ያደርገዋል። ያኔ ብቻ መልእክቱ ይሄዳል። የሟቹ ቤተሰብም አባል ሊሆን ስለሚችል፣ ሰው የገዛ ልጁን ሞት ከስልክ እንዳያነብ ነበር ጭንቀቱ።

ሌላም አንድ ልማድ ነበረው። ሰው በሞተ ቁጥር ፈድሉ ወንበር ስቦ ከጎኑ ይቀመጥና «ልመዘግብ ነው» ይላል። ባርናባስ መዳፉን ወደ ውጭ አድርጎ እጁን ከፍ ያደርግና «ቆይ» ይላል። ራሱ ኮምፒውተር ላይ የሆነ ነገር ይነካካል። ከዚያ «በል» ይላል። ፈድሉም ይመዘግባል። ጴንጤ አይደል፣ ሳይጸልይ የሞተ ሰው ስም አይነካም እያልን እንቀልድበት ነበር። እሱም ይስቃል እንጂ እንዲህ ነው ብሎ አላስረዳንም። ሥራ ሲበዛበት ከለቀማው በኋላ የማስተካክለው አንድ ነገር አለ ይል ነበር፤ ምን እንደሆነ የጠየቀው ሰው የለም።

የራሱም ኑሮ እንደ ሳጥኖቹ ነበር። ለምን አታገባም ስንለው የእናቴ ቤት ቆርቆሮ ሳይቀየር አላገባም ይለናል። እኔም ሚስትህ በየትኛው ቀስት በኩል ነው የምትመጣው እለዋለሁ። በሁለት ሺህ ስድስት ዓመተ ምሕረት ጥቅምት ላይ ቆርቆሮው ተቀየረና ቢሮውን በሙሉ ገደብ ጋበዘን። እማማ ፀሐይወርቅን በደንብ ያወቅኋቸው ያኔ ነው። አጭር፣ ቆፍጣና፣ ዓይናቸው የሚስቅ ሴት ነበሩ። አማርኛውን የተማሩት ገበያ ላይ ነው፤ ማንበቡን ደግሞ ልጃቸውን በጀርባቸው አዝለው በመሠረተ ትምህርት። በዚያ ማንበብ የሚኮሩበት አኮራር! እሳቸውም የማኅበሩ አባል ናቸውና ከሰዓት በኋላ ስልካቸው ጮኸ። ምግቡን ትተው መነጽራቸውን አደረጉ። «ነ-ገ በ-ገ-ደ-ብ ቅ-በ-ላ አ-ለ» ብለው ፊደል በፊደል ጮክ ብለው አነበቡልን።

«ልጄ ነው የላከልኝ» አሉ።

እኔ አፌ አያርፍም፤ እማማ ይኼ እኮ ለሁሉም ገበሬ ነው የሚሄደው፣ የሚልከውም ማሽኑ ነው አልኳቸው። ማሽኑን የሚያዘው ማነው ብለው መለሱልኝ። ጎረቤታቸው ሀጅራ፣ መንገድ ዳር ሱቅ ያላት ሴት፣ በሳቅ ሞተች። ቀጥለው ግን እማማ ፊታቸው ከበድ አለና ልጃቸውን ጠየቁት። የሞት መልእክትም በዚሁ ስልክ ይመጣል፣ ስልኩ በጮኸ ቁጥር እደነግጣለሁ አሉት። ባርናባስ ከጎናቸው ተንበርክኮ እጃቸውን ያዘ።

«እማ፣ አትፍሪ» አለ። «ለቤተሰቡ ሰው መጥቶ በአፉ ሳይናገር መልእክቱ አይመጣም። እኔ ነኝ የዘጋሁት።»

እሳቸውም «እሺ» አሉና ቆጮውን ጨመሩልን። እኔ እዚያው ነበርኩ፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ለቀማው በጋለበት በኅዳር ወር የሬኮ ሚዛን ሳይመጣ ቀረ። ሳጥኑ ቀይ ሆነ፤ ከእሱ በኋላ ያሉት ሁሉ ነጭ ሆነው ቆሙ። ጣቢያው ሲደወልለት ሞደሙ አይሠራም፣ ኮምፒውተሩም አልነሳ ብሏል አሉ። አቶ ዳምጠው በማግሥቱ ጠዋት ባርናባስን ጠርተው ሬኮን ዝለለውና ሌላው ይሂድ አሉት። መዝለል ይቻላል፤ አንድ ቀስት ማንሳት ብቻ ነው። ባርናባስ ግን እንቢ አለ። ሬኮን ከዘለልነው መኪና አይመደብለትም፣ የሰው ልፋት እዚያው ይበሰብሳል፤ እኔ ሄጄ አስነሳዋለሁ አለ። የቢሮውን ሞተር ሳይክል ይዞ ወጣ። በእኔ በኩል ሲያልፍ ዝናብ ሊመጣ ነው፣ ሹራቡ ብቻውን አይበቃህም አልኩት። ስመለስ ትቆጪኛለሽ እትዬ ስመኝ ብሎኝ ሄደ።

ኮምፒውተሩን አስነስቶታል። ከሬኮ ወርዶ ጨለለቅቱ ላይ ሆኖ ለእናቱ ደውሏል፤ አጠገብሽ ነኝ፣ ሥራው ካለቀልኝ እመጣለሁ ብሏቸዋል። ሥራው ግን አላለቀም ነበር፤ ዲላ ላይ ከትናንት ጀምሮ የቆመው ሁሉ መነሳቱን በዓይኑ ማየት ፈልጓል። ስለዚህ ወደ ገደብ ሳይሆን ወደ ዲላ ዞረ። ይርጋጨፌን እንዳለፈ ዝናቡ ያዘው። ጠመዝማዛው ላይ ሞተሩ ተንሸራቶ ከአንድ የጭነት መኪና ጋር ተጋጨ። ወደ ሆስፒታል ያመጡት ሰዎች ሹራቡ ኪስ ውስጥ የመሥሪያ ቤቱን መታወቂያ አገኙና ደወሉልን። ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ ያልኩትን አላስታውስም፤ ፈድሉ ከወንበሬ ስር እንዳነሳኝ ነግሮኛል።

ማልቀስ ግን አይቻልም ነበር። እናቱ አልሰሙማ። ዕንባችንን ዋጥ አድርገን አቶ ዳምጠው ክፍል ተሰበሰብን። አቶ ዳምጠው ይርጋጨፌ ሄደው የእናቱን ወንድም አቶ ይርጉን ይዘው መጡ። ቀብሩ ነገ ገደብ እንዲሆን፣ እኛ ከሬሳው ቀድመን ጎህ ሲቀድ እማማ ዘንድ እንድንደርስ፣ ይርጉ እንዲናገር፣ እኔ ከጎን ሆኜ እንድይዛቸው ተስማማን። ይርጉ ራሱን ይነቀንቃል። ለእህቱ ይኼን የሚናገር አፍ ከየት ያምጣ? እኛ የቀረልን አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ልጃቸውን መመለስ ካልቻልን፣ ቢያንስ ብቻቸውን ሆነው እንዳይሰሙት።

እንዲህ እየተመካከርን የሁላችንም ስልክ በአንድ ጊዜ ጮኸ። ሬኮ መጥቶ ነበር። እሱ ያስነሳው ኮምፒውተር ሚዛኑን ልኮ፣ ሳጥኖቹ ተራ በተራ አረንጓዴ ሆነው፣ መኪናዎቹ ተመድበው፣ «ነገ ቅበላ አለ» የሚለው መልእክት ለገበሬው ሁሉ ሄዶ ነበር። ሥራው አለቀለት። እዚያ ክፍል ውስጥ ያለ ወንድ ሁሉ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

ፈድሉ ተነሳ። ድንኳኑና አግዳሚው ማለዳ ገደብ እንዲደርስ ዛሬ መጫን አለበት፤ ለዚያ ደግሞ ስሙ መመዝገብ አለበት። አቶ ዳምጠው መልእክቱስ ብለው ጠየቁት። አይሄድም፣ መርዶው ሳይነገር አይሄድም፣ ራሱ አይደል የዘጋው አለ። ሁላችንም እውነት ነው አልን። ፈድሉ ወደዚያች የጆንያ ክፍል ሄዶ ባርናባስ ወንበር አጠገብ ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ በእሱ ወንበር ላይ መቀመጥ አቅቶታል። በሩ ላይ ቆሜ አየሁት። ከልማዱ የተነሳ «ልመዘግብ ነው» አለ። ወደ ባዶው ወንበር ዞሮ አየ። ከዚያ የጓደኛውን ስም ከነአባቱ ጻፈ።

ስልኬ ጮኸ። የቀድሞው መልእክት ደግሞ የመጣ መሰለኝ። ከአቶ ዳምጠው ክፍል የሌሎቹም ስልክ ሲጮህ ሰማሁ። አወጣሁና አነበብኩ። «የማኅበራችን ባልደረባ ባርናባስ ተሻለ ከዚህ ዓለም በሞት ስለተለየ…» ይላል።

ያ «ቆይ» ምን እንደነበረ የገባን በኋላ ነው፤ ከሐዋሳ የመጣ ባለሙያ ነገረን። «መርዶ» የሚለው ሳጥን ከዚያ በፊት ከሞቱት የወናጎ አዛውንት ጊዜ ጀምሮ አረንጓዴ ሆኖ ቆይቷል። ማሽኑ የሚጠይቀው አረንጓዴ ነው ወይ ብሎ ብቻ ነው፤ የማን መርዶ ነው ብሎ አይጠይቅም። ባርናባስ ይኼን ስለሚያውቅ አዲስ ስም ከመግባቱ በፊት አሮጌውን በእጁ ወደ ነጭ ይመልሰው ነበር። «ቆይ» የሚለው ለዚያ ነው። ከለቀማው በኋላ አስተካክለዋለሁ ያለውም እሱን ነበር። በዚያን ዕለት ፈድሉን ቆይ የሚል ሰው አልነበረም። ፈድሉን ማንም አልወቀሰውም፤ እሱ ግን እስከ ዛሬ ራሱን ይወቅሳል።

እናቱ አባል ናቸው። ስልካቸው ማሽኑ ውስጥ አለ። ይርጉ መልእክቱን ሲያይ «አነበበችው» አለ። የምንይዘው የምንጨብጠው ጠፋን። አቶ ዳምጠው አሁኑኑ እንሂድ ይላሉ፤ ለምክር የጠራነው የባርናባስ ፓስተር ደግሞ ኔትወርክ ባይኖርስ፣ ባይደርሳትስ፣ ሲመሽ ሄደን ብቻዋን ልናሳድራት ነው ወይ ይላል። እኔ ሀጅራ ትዝ አለችኝ። ሀጅራ ነጋዴ እንጂ የማኅበሩ አባል አይደለችም፤ መልእክቱ እሷ ዘንድ አይደርስም። በሱቋ የመስመር ስልክ ደወልኩላት። ድምፄን እንደምንም አስተካክዬ ሰላም ብያት እማማ እንዴት ናቸው አልኳት።

«ደህና ናት» አለችኝ። «በር ላይ ቁጭ ብላለች። ልጄ ይመጣል ብላ መንገድ መንገዱን ታያለች።»

እግዚአብሔር ይመስገን አልን። ይርጉ ለመጀመሪያ ጊዜ ተነፈሰ። አልደረሳቸውም፤ የገደብ ኔትወርክ ጠፍቶ አድኖናል፤ ሲስተም የለም የሚለውን በሽታ በሕይወቴ ያመሰገንኩት ያን ቀን ብቻ ነው። እንደታሰበው ማለዳ እንድንነሳ ተስማምተን ተለያየን።

ገደብ ስንደርስ ጎህ እየቀደደ ነበር። መርዶ ነጋሪ በመኪና በር ድረስ አይሄድምና ራቅ ብለን ወረድን። ይርጉና እኔ ከፊት፣ ፓስተሩ፣ አቶ ዳምጠውና ፈድሉ ከኋላ። የምንናገረውን መኪና ውስጥ ተማክረንበታል፤ ማን በሩን እንደሚያንኳኳ፣ ማን ውኃ እንደሚይዝ ሳይቀር። አዲሱ ቆርቆሮ በጤዛ ረጥቧል። ማንኳኳት አላስፈለገንም። እማማ ፀሐይወርቅ በሩ ላይ ተቀምጠው ነበር፣ ነጠላቸውን ተከናንበው። ገና የተነሱ አይመስሉም፤ ጭራሽ ያልተኙ ይመስላሉ።

አዩን። አልጮሁም። ስልካቸውን ከጭናቸው ላይ አንስተው አሳዩን።

«ትናንት መጥቷል» አሉ። «አንብቤዋለሁ።»

ይርጉ ክንዴን ያዘ። «እህቴ» ብሎ ጀመረ።

«ስማኝ» አሉት። «ልጄ ነግሮኛል። ሰው መጥቶ ሳይናገር አይመጣም ብሎኛል። ስመኝ፣ አንቺም ነበርሽ።» አዎ፣ ነበርኩ። ራሴን ነቀነቅሁ። «መልእክቱ መጣ፣ ሰው ግን አልመጣም። እንግዲያው ማሽኑ ነው የተሳሳተው፣ ልጄ አይዋሸኝም አልኩ። ብደውልለት ስልኩ ጥሪ አይቀበልም፤ ኔትወርክ ነው አልኩ። እናንተ ዘንድ አልደወልኩም። ከደወልኩ ትነግሩኛላችሁ። የሰፈሩ ሰው ሲያየኝ ማዶ ተሻግሮ ያልፋል፤ ጉዳይ አለው አልኩ። ቁጭ ብዬ ሰው እንዳይመጣ ጠበቅኩ። መሸ፣ ማንም አልመጣም። ደስ አለኝ።»

ሁላችንንም አንድ በአንድ አዩን።

«አሁን ለምን መጣችሁ?»

ተመልሼ መሄድ ነበር የፈለግሁት፤ እውነቴን ነው። እኛ ብንመለስ፣ ሬሳውንም ይዘን ብንመለስ፣ እሳቸው እዚያ በር ላይ ልጃቸውን እየጠበቁ ይኖሩ ነበር። ልቤ እንዲህ ተሰብሮ አያውቅም፤ አባቴ ሲሞት እንኳ። ይርጉ እንደምንም ቀና አለና አፉን ከፈተ።

እማማ መዳፋቸውን ወደ ውጭ አድርገው እጃቸውን ከፍ አደረጉ።

«ቆይ» አሉት።

ከኋላዬ ፈድሉ ሲያለቅስ ሰማሁት። ከይርጋጨፌ በኩል የመኪና ድምፅ ይመጣ ነበር። የማለዳው የመጀመሪያ ሚኒባስ ነው። እማማ በእኛ ትከሻ ላይ አሻግረው መንገዱን አዩ። ሚኒባሱ ሀጅራ ሱቅ አጠገብ ቆመ። ዶሮ የያዘች ሴት ወረደች። አንድ ሽማግሌ ወረደ። ረዳቱ ከላይ ጆንያ አወረደና በሩን ዘጋው፣ መኪናው ወደ ሀገረ ማርያም ቀጠለ። የወረዱት ሰዎች በየአቅጣጫው ሄዱ። እማማ መንገዱ ባዶ እስኪሆን ድረስ አዩት።

ከዚያ ስልኩን መሬት ላይ ደፍተው አስቀመጡት። ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው ወገባቸው ላይ አሰሩት። እኔም ሄጄ ከጎናቸው ተንበረከክሁና ያዝኳቸው።

«በል» አሉት።

ይርጉም ነገራቸው።